የጋምቤላው ተሕዋስና የመድኃኒት ኬሚስት የምርምር ዘመን

የመድኃኒት ኬሚስት የምርምር ዘመኑን በሙሉ ለአንድ ሞለኪውል ቢሰጥ፣ የድካሙ ዋጋ የሚለካው በሞለኪውሉ ረቂቅነት ብቻ አይደለም፤ ለየትኛው በሽታና ለየትኛው ሕዝብ እንደታሰበም ጭምር እንጂ። ኢፍሎርኒቲን የተባለው ሰው ሠራሽ አሚኖ አሲድ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ኢፍሎርኒቲን የተሠራው ኦርኒቲን በተባለው የተፈጥሮ አሚኖ አሲድ ላይ የፍሎሪን አቶሞችን በመጨመር ነው። የተሕዋሱ ኢንዛይም ኦርኒቲን መስሎት ሲቀበለው ውህዱ ተጣብቆበት ይቀራል፤ ለሕዋስ መባዛት የሚያስፈልጉት ፖሊአሚኖችም መመረታቸው ይቋረጣል። ውህዱ መጀመሪያ የታሰበው ለካንሰር ነበር። ሆኖም በኒውዮርክ ፔስ ዩኒቨርሲቲ ሳይረስ ባቺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 በትሪፓኖዞም የተያዙ አይጦችን እንደሚፈውስ አሳዩ። በ1990 ለእንቅልፍ በሽታ መድኃኒትነት ተፈቀደ። ከዚያም ትርፍ ስላላስገኘ ምርቱ ተቋረጠ፤ በ2000 ግን ያው ውህድ የፊት ፀጉር እድገትን የሚገታ ቅባት ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ለታማሚዎች እንደገና የተመረተው የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ስምምነት ካደረገ በኋላ ነው።

ይህ ፈውስ ለጋምቤላ አልደረሰም። ኢፍሎርኒቲን የሚሠራው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ በሚገኘው ጋምቢየንሴ በተባለው ዝርያ ላይ ነው፤ ስያሜውም ከጋምቢያ እንጂ ከጋምቤላ የመጣ አይደለም። ከ1967 ጀምሮ በባሮና በጊሎ ወንዞች አካባቢ በሰዎች ላይ የታየው ሮዴሲየንሴ ግን የታሰረበትን ኢንዛይም ፈጥኖ ስለሚተካ ለመድኃኒቱ እምብዛም አይበገርም። በዚህም ምክንያት ተሕዋሱ አንጎሉ የደረሰበት ታማሚ ለአሥርተ ዓመታት የነበረው ተስፋ ሜላርሶፕሮል የተባለ የአርሴኒክ ውህድ ሲሆን፣ እርሱም ከታካሚዎቹ ከመቶ 5 ያህሉን ለሞት ይዳርግ ነበር።

ፌክሲኒዳዞል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ለሮዴሲየንሴም ስለደረሰ ጉዳዩ አብቅቷል የሚል ይኖራል። ነገር ግን በአንድ መድኃኒት ብቻ መተማመን ተሕዋሱ በተላመደው ቀን ባዶ እጅ ያስቀራል። በሽታው ለሠላሳ ዓመታት ያህል ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ ዳግመኛ መታየቱም መዘንጋት የለበትም። የተሕዋሱ ዘመዶች በከብቶች ላይ የሚያደርሱት ገንዲም ቢሆን የአርብቶ አደሩን ኑሮ መፈታተኑን አላቆመም።

ስለዚህ ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና በአዲስ አበባ የሚገኙ የመድኃኒት ኬሚስትሪ ክፍሎች የዶክትሬት ተማሪዎችን በጋራ ቢያማክሩ ይበጃል፤ አንዱ ተሕዋሱን ከሥፍራው ያጠናል፣ ሌላው አሚኖ አሲዱን ለዚያ ተሕዋስ ኢንዛይም ይቀርጻል። የደረጃ እድገትም በጽሑፍ ብዛት ብቻ ሳይሆን አንድን ጥያቄ ለዓመታት ይዞ በመዝለቅ ሊመዘን ይገባል። ሮዴሲየንሴ ኢንዛይሙን በስንት ሰዓት እንደሚተካ ያላወቀ ኬሚስት፣ ምንም ያህል የረቀቀ ሞለኪውል ቢሠራ ለባሮ ዳር ታማሚ አይደርስለትም።