ግድቡ ተመርቋል፤ ባለሙያውስ?

5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። በንፋስ መውጫ ዙሪያ ለሚኖር አርሶ አደር ግን ለውጡ የሚለካው ወፍጮው በመብራት ሲዞር፣ የመስኖ ውኃውም ያለ ነዳጅ ሲሳብ ነው።

ለዚህ ሦስት ዕውቀት ያሻል። የመጀመሪያው ሙያ ነው፤ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ሲቆም ከቅርብ ደርሶ የሚጠግን ወጣት ከሌለ መሣሪያው ከጌጥ አያልፍም።

ሁለተኛው የገበያ ዕውቀት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በብር ሲሰላ ንሯል። ስለኾነም የገበሬ ማኅበር ፓምፕ ለመግዛት ከመበደሩ በፊት ወጪና ገቢውን የሚያሰላለት ባለሙያ ይፈልጋል።

ሦስተኛው መልካም አሥተዳደር ነው፤ የመብራት መስመር ለአንዱ ቀበሌ ለምን ቀድሞ እንደተዘረጋ በግልጽ ካልተነገረ፣ መብራቱ ራሱ የቅሬታ ምንጭ ይኾናል።

ወጣቱ የሚማረው ገመድ መቀጠል ብቻ ከኾነ ሁለቱ ክፍተቶች እንዳሉ ይቀራሉ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ኾነ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች ሦስቱን አጣምረው ሊያስተምሩ ይገባል። ሕዝቡ ለግድቡ ካለው ላይ አዋጥቷል፤ ፍሬው ደጁ እንዲደርስ ደግሞ የሠለጠነ ወጣት ይጠብቃል።