ከበሮው መስታወት ውስጥ ከገባ

በቅርቡ አንድ ደብር ሙዚየም ሊከፍት ሲመክር ተጋብዤ ተገኝቼ ነበር። የዕቃ ቤቱ ዝርዝር ተነበበ፦ ዘውዱ፣ የብር መስቀሉ፣ የብራና ወንጌሉ፣ ከበሮው። ከበሮው ላይ ሲደረስ አረጋዊው መሪጌታ፣ «ልጆቼ፣ ይኼን መስታወት ውስጥ ካስገባችሁት ለጥምቀት ምን ልንመታ ነው?» አሉ።

ጥያቄያቸው እስካሁን አልለቀቀኝም። ቋሚ ስብስብ ሲታቀድ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት የማይገባው ነው። ታቦት አይገባም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታት ዛሬም ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተዘግቶባቸዋል፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አያዩአቸውም። ማንም የማያየውን ሙዚየም ለምን ያስቀምጠዋል? ቦታው መንበሩ ነው።

አገልግሎት ላይ ያሉት ንዋያተ ቅድሳት ግን ቢገቡም በበዓላቸው ይውጡ። ማን እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚረከብ፣ ሲመለሱ ማን እንደሚያያቸው በደንብ ይጻፍ። ከዚያ በፊት ሁሉም ይለካ፣ ፎቶ ይነሣ፣ ይመዝገብ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅየም ተገኝቶ ነው የተመለሰው። ስሙ አገር ያወቀው መስቀል እንዲህ ከሆነ፣ ፎቶ እንኳ የሌላት አንዲት ትንሽ ስዕለ አድኅኖ ብትጠፋ የእኛ ናት ብለን በምን እናስረዳለን?

ስለ ስዕሎቹም የምለምነው አለ። በዕጣንና በጧፍ ጢስ የጠቆረውን «ለጎብኚ አያምርም» ብላችሁ አዲስ ቀለም አታስቀቡት። በዘመነ ዘርአ ያዕቆብ የነበረውን ሰዓሊ ፍሬ ጽዮንን፣ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለችው የእመቤታችን ስዕል ላይ ስሙ ስለተጻፈ እናውቀዋለን። አብዛኞቹ ሰዓሊዎቻችን ግን ስማቸውን አልተዉልንም፤ የቀረን የእጃቸው ሥራ ብቻ ነው። አዲሱ ቀለም እሱንም ይሸፍንብናል።

ወንጌሉስ የትኛው ገጹ ተገልጦ ይቀመጥ? ጉባኤው ባለ ስዕሉን መረጠ። እኔ ግን ርስት የሰጡ፣ መጻሕፍት ያበረከቱ ሰዎች ስም የሰፈረበትን ገጽ ለመንኩ። አባቶቻችን የመሬት ስጦታን በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይመዘግቡ ነበር፤ ሰው በሚፈራው መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ቃል በቀላሉ አይፋቅም። መሪጌታው መጽሐፉን ተቀብለው ከኋላ ገለጡና ስሞቹን አንድ በአንድ ያነቡልን ጀመር።