እንሶስላ ጥላ ትፈልጋለች

ጓሮውን በሙሉ ባሕር ዛፍ አድርጎ «እንሶስላ አልይዝ አለኝ» የሚል ሰው ካለ ጥፋቱ የእንሶስላዋ አይደለም።

ለሠርግና ለዓመት በዓል እጅና እግር የምታቀላው እንሶስላ የደን ልጅ ናት። ቦታዋ ከትልልቅ ዛፍ ሥርና ከወንዝ ዳር፣ እርጥበት የማይጠፋበት ጥላ ነው። ክረምት ሲገባ ከሥሯ ታቆጠቁጣለች፤ ነጭ አበባዋንም ታወጣለች። በጋው ሲበረታ ግንዷ ይደርቅና ሥሯ አፈር ውስጥ ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል። ስለዚህ እሷን ከመትከል በፊት ጎረቤቷን መምረጥ ይቀድማል።

በእስቴና በስማዳ ወይና ደጋ ዋንዛና ብሳና አሉ። ቅጠላቸው ረግፎ ይበሰብሳል፤ አፈሩን ያለሰልሳል። በጋይንት ደጋ ደግሞ ኮሶ አለ። ከዛፉ ጥግ ጌሾ፣ ከጌሾው ሥር እንሶስላ ቢተከል አንዱ ለሌላው ያጠላል እንጂ አይሻማም። ባሕር ዛፍ ግን ውኃውን ይስባል፤ የረገፈው ቅጠሉም ከሥሩ ሌላ ተክል በቀላሉ አያበቅልም።

«ባሕር ዛፍ እኮ የገበሬው ባንክ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ቤት የሚሠራው፣ ለልጅ ደብተር የሚገዛው እሱ ተሽጦ ነው። ይነቀል ያለ የለም። ከምንጭና ከጓሮ ይራቅ ነው ነገሩ።

ደግሞም ይህ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። በደቡብ ጎንደር የአገር በቀል ደን በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። የ«እመጓ» ደራሲና የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በዞኑ 28 አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። በሙከራቸውም ከብት በማይገባበት ቦታ ችግኝ የተሻለ እንደሚበቅልና እንደሚተርፍ አሳይተዋል። በአንዳንድ ደብሮች ዙሪያ የድንጋይ አጥር የተሠራውም ለዚሁ ነው። ደኑን ያተረፈ አጥር ጓሮንም ያተርፋል።

እንግዲህ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጥግ ይታጠር። ሰኔ ላይ አንድ ዋንዛ ወይም ኮሶ ይተከል፤ ዛፉ እስኪደርስ ጌሾው ያጠላል። እንሶስላዋ ስትቆፈርም ሥሯ ሁሉ አይወሰድ፤ ለከርሞ የሚያቆጠቁጥ ይቅር።

ለመሆኑ ሙሽራዋ የምትቀባው እንሶስላ ከእናቷ ጓሮ ቢወጣ አይሻልም?