ደም ሳይፈስ መንገድን ስለ መመርመር

አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ለጣራው መከታ እንዲያበጅለት በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 መታዘዙ ለሊቃውንት የተሰወረ አይደለም። ሕጉ መከታውን የሚጠይቀው ሰው ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ሳይወድቅ ነው። መንገድን የሚሠራና የሚጠብቅም ሁሉ ከዚህ ትእዛዝ ውጭ ሊሆን አይገባውም።

ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ 700 ሜትር ግድም ወደሆነው ቆላ ይወርዳል። የሰሊጡ ጭነት፥ የሱዳን ንግድ፥ ለአዝመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፥ ከብቱም ሳይቀር የሚተላለፈው በዚሁ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ሺህ ስደተኞች በመተማ በር ገብተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ እንደ ተጻፈው፥ በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከመቶው 92ቱ የሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። አደገኛውን ስፍራ ለመለየት የተለመደው የፖሊስን መዝገብ መቍጠር ነው። ነገር ግን በገጠር የደረሰው ሁሉ በመዝገብ አይገባም፤ የገባውም ቢሆን በሰው ደም የተገዛ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1967 የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች ግጭቱን ከመጠበቅ ይልቅ ለጥቂት የተረፈውን መቍጠር ጀመሩ። ዛሬ ደግሞ በመኪና ላይ የሚገጠመው ጂፒኤስ ፍጥነቱንና ያለበትን ስፍራ በየጊዜው ይመዘግባል። ማሽን ለርኒንግ የሚባለው የኮምፒውተር ጥበብም ይህን መዝገብ ከመንገዱ ጥምዝና ቍልቍለት ጋራ እያስተያየ፥ ሾፌሮች ፍሬን በድንገት የሚይዙበትን ስፍራ ለይቶ ያመለክታል። በኢትዮጵያም ጂፒኤስ የተገጠመላቸው የጭነት መኪናዎች ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህ ዘሩ በእጅ አለ ማለት ነው።

ሆኖም ማሽን የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ነው። በቆላው መንገድ ሾፌር ፍሬን የሚይዘው ስለ ጥምዙ ብቻ አይደለም፤ ስለ ኬላ፥ ስለ ግመልና ስለ ከብት መንጋም ይይዛል። እግረኛው፥ ባጃጁና በጭነት ላይ ተሳፍሮ የሚሄደው ሠራተኛ ግን መሣሪያ ስለሌላቸው በመዝገቡ አይታዩም። ዝም ያለ መንገድ ሁሉ ደኅና መንገድ አይደለም። ስለዚህ የማሽኑን ምልክት የትራፊክ ፖሊስ፥ የጤና ጣቢያ ሠራተኛና የአጥቢያው ካህን ከሚያውቁት ጋራ ማመሳከር ያስፈልጋል።

ደግሞም የሾፌሩ እንቅስቃሴ የግሉ ምሥጢር ነውና፥ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ሊከበር ይገባል። መንገድን ለመመርመር የተሰበሰበው ሰውን ለማሳደድ ከዋለ፥ ሾፌሩ መሣሪያውን ይነቅላል፤ ዕውቀቱም አብሮ ይጠፋል።

የሚያሳፍረው አደጋውን አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ አውቆ ዝም ማለት ይብሳል። ማሽኑ አንድ ቍልቍለት አደገኛ ነው ብሎ ካመለከተና ምርመራው ካጸናው በኋላ መከታው ካልቆመ፥ የሚወድቀው ሰው ደም በማን ቤት ላይ እንደሚሆን ሕጉ አስቀድሞ ተናግሯል።