ለሰመራ በረዶ ማስፈራሪያ ነው?

«ሕዝቡ ምን ያውቃል!» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። በየኪነ ጥበብ ምሽቱና በየማኪያቶው ጠረጴዛ ትነገራለች፤ አንዳንዴም የጨዋ ቋንቋ ደርባ በመጽሔት ዓምድ ላይ ብቅ ትላለች። ስለ ፊልም ስትነገር ደግሞ አድራሻ አላት። የምትላከው ወደ ክፍለ ሀገር ነው፤ ከክፍለ ሀገርም ወደ ቆላው፣ ከባድ መኪና አድሮ ወደሚያልፍባቸው የመንገድ ዳር ከተሞች። የዚያ አገር ተመልካች ድብድብ እንጂ ጥበብ አይገባውም ይባላል። ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ካሳዩት ክፍል አንድ ይሁን ክፍል አምስት ግድ የለውም፤ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ወጥቶ ይሄዳል ይባላል።

እኔ ይህችን ዓረፍተ ነገር ልሟገታት ተነስቻለሁ። ሙግቱንም በተመቸ ሜዳ ላይ አላደርገውም። ዓለም ያደነቀውን ፊልም አንስቶ «ይኸው የአዋሽ ሰውም አድንቆታል» ማለት ቀላል ነው። እኔ የማነሳው ዓለም የሳቀበትን፣ የሠሩት ሰዎች እንኳ ያፈሩበትን የቧልት ፊልም ነው፤ «ባትማን ኤንድ ሮቢን»ን።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው የባትማን ተከታታይ አራተኛ ክፍል ነበር። ዳይሬክተሩ ጆኤል ሹማኸር፣ ባትማን ሆኖ የተወነው ጆርጅ ክሉኒ፣ ከተማን በበረዶ የሚያደርቀው ባለጋራ አርኖልድ ሽዋዚንገር ነበሩ። ሃያስያን አብጠለጠሉት። የበረዶው ሰውዬ በየአፍታው የሚወረውረው ቀልድ ሁሉ ስለ ብርድ ነው፤ ቀለሙ የአሻንጉሊት መደብር ይመስላል፤ ጀግናው በጨረታ ተወዳድሮ ከመታጠቂያው የራሱ የሌሊት ወፍ ምልክት ያለበት የዱቤ ካርድ ይመዛል። ክሉኒ ከዚያ ወዲህ በራሱ ፊልም ሲቀልድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚህ ዓለም በሞት የተለየው ሹማኸርም ቅር የተሰኙ ተመልካቾችን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ታስቦ የነበረው ቀጣይ ክፍል ቀረ፤ ባትማን ወደ ሲኒማ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 በሌላ ዳይሬክተርና በሌላ ተዋናይ ነው።

ይህ የነሱ ፍርድ ነው፤ ለነሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው የእኛ ሃያሲ ፊልሙን ሳይሆን ፍርዱን ተርጉሞ ሲያቀርብልን ነው። «የዘመናችን ደካማ ፊልም» የሚለውን የሌላ ሰው ቃል ወስዶ፣ በፊልሙ የተዝናናውን ያገሩን ሰው በዚያው ቃል ይመዝነዋል። ለመሆኑ ያ ሰው ምን እንዳየ የጠየቀው አለ?

እስቲ ፊልሙን ይዘን ወደ አዋሽ ሸለቆ እንውረድ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ያቆረቆራት ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ መንገዱ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ ከሚከፈልበት አካባቢ ተቀምጣለች። የጅቡቲውን መስመር ይዘው ገዋኔንና ሚሌን አልፈው ሲወርዱ ሎጊያን ያገኛሉ፤ ከጎኗ ከአሳይታ ተረክባ የአፋር ክልል መዲና የሆነችው ሰመራ አለች። በነዚህ ከተሞች ፊልም የሚያየው አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። አፋሩ አለ፤ ከወደብ ጭነት ይዞ የሚወጣው ሹፌርና ረዳቱ አሉ፤ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ከየአገሩ ተመድቦ የመጣው የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ቀድሞ በቪዲዮ ቤት፣ ኋላም በፍላሽና በዲሽ፣ አሁን ደግሞ በስልክ ያያል። ይህ ጸሐፊ በዚያ መስመር ከሚኖሩና ከሚመላለሱ ሰዎች ጋር ስለዚህና ስለ መሰል ፊልሞች ሲጨዋወት ደጋግሞ የሰማው ሦስት ሐሳብ ነው። ሦስቱም ከተተረጎመው ፍርድ ውስጥ የሉም።

አንደኛው በሳቅ ይጀምራል። የበረዶው ሰውዬ ከተማዋን አቀዘቅዛለሁ ብሎ ይዝታል። ይህ ዛቻ ለኒውዮርክ ሰው ዛቻ ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪን አልፎ በሚወጣበት፣ ሰው ሌሊት አልጋውን ደጅ አውጥቶ በሚተኛበት አገር ግን ይኸው ዛቻ የምርጫ ቅስቀሳ ይመስላል። የሰመራ ተመልካች እዚህ ላይ ሲስቅ ፊልሙ አልገባውም ማለት ነው? በጣም ገብቶታል እንጂ! ሽብር ሁሉ የአንድ አገር አየር ጠባይ እንዳለው፣ አንዱን የሚያስፈራው ሌላውን ሊያስመኘው እንደሚችል በአንድ ሳቅ ተናግሯል። ዕውቅ ሃያስያን ስለዚህ ፊልም በጻፉት ሁሉ ይህን ሊያዩት አይችሉም፤ ሙቀቱ የለባቸውማ።

ሁለተኛው ሐሳብ ከባድ ነው። የበረዶው ሰውዬ አልማዝ የሚሰርቀው ለምንድን ነው? መድኃኒት ባልተገኘለት በሽታ የተያዘች ሚስቱን በበረዶ ጠብቆ እስኪያድናት ነው። ባትማን ደግሞ ቤተ መንግሥት በሚያህል ቤት የሚኖር ከበርቴ ነው። የገዛ አሳዳጊ አገልጋዩ በዚያው በሽታ ሲያዝ ፈውሱን የሚያገኘው ከዚያው «ወንበዴ» እጅ ነው። ይህን ያየ የአዋሽ ሰው «አክተሩ»ን ይወዳል፤ ሆኖም «ያኛውስ ምን በደለ?» ብሎ ይጠይቃል። ዘመድ ለማሳከም ከብት የተሸጠበት፣ ሽማግሌ ተልኮ ገንዘብ የተሰበሰበበት ቤት ለዚህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ሃያሲው ልብስና ቀለም ሲቆጥር ተመልካቹ ፍትሕ ይመዝን ነበር። እንግዲህ ከሁለቱ ቧልተኛው ማነው?

ሦስተኛው ስለ ተከታይ ክፍል ነው። አክተር እንደማይሞት የቆላው ተመልካች ከማንም በፊት ያውቃል፤ ተረት ሆኗል። ስለዚህ የሚጠብቀው መሞት አለመሞቱን ሳይሆን እንዴት እንደሚያመልጥና ማን አብሮት እንደሚቆም ነው። ክፍል ሁለት ከክፍል አንድ ያልጨመረው ነገር ካለ ያለ ርኅራኄ ይናገረዋል። በየሳምንቱ ያንኑ መንገድ የሚነዳ ሹፌር ስለ ድግግሞሽ ከማንም ይልቅ ቢፈርድ ምን ያስደንቃል? እኔ በበኩሌ ስለ ተከታይ ፊልም ከዚህ የተሻለ መመዘኛ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብሁም።

የሕንዱን «ክሪሽ 3» ያየነው ሰዎችም ይህን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ሃያስያን ከአሜሪካ ፊልሞች የተቃረመ ነው ብለው ተቹት፤ ነገር ግን በአገሩ ገበያ ከዓመቱ ቀንደኞች አንዱ ሆነ። በፊልሙ ውስጥ ክፉው ሰው በሽታ ፈጥሮ መድኃኒቱን መልሶ ይሸጣል፤ አባት ለልጁ ሕይወቱን ይሰጣል። በሕንድ ፊልም ያደገ ያገራችን ተመልካች ይህን የሚያየው እንደ ኮረጃ አይደለም። ካባውን ከልዕለ ኃያሉ ቢያወልቁለት የቤተሰብ ታሪክ ነው የሚቀረው፤ የመጣውም ለዚያ ነው።

እዚህ ላይ ሊረሳ የማይገባው የትርጉም ፊልም ነገር ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ የሁሉንም አፍ ይናገራል፤ የማይተረጎመውን ቀልድ ጥሎ በምትኩ ያገሩን ያስገባል፤ ሲያሻው ክፉውን ይረግማል። በእንግሊዝኛው የሞተ ቀልድ በአማርኛው ይነሣል። ስለዚህ የእኛ ተመልካች ያየው ፊልምና ሃያሲው የረገመው ፊልም አንድ አይደሉም። ሆሊዉድ ላወጣው ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ሌላውን ዕቃ መመዘን ምን ይባላል?

«ሕዝቡ ምን ያውቃል» የሚሉን ሰዎች የዘነጉት ሌላም ነገር አለ። አፋር ወሬን በመመዘን ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቆመው ወይም ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ስለ ሰላሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ገበያው፣ ስላዩት እንግዳ ሰው ይጠያየቃሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሰው የሰማውን ለይቶ ይናገራል፤ የሐሰት ዳጉ ያሳፍራል፣ በባህሉም ያስጠይቃል። ዳጉ ለሕይወት ጉዳይ እንጂ ለፊልም ወሬ የተሠራ አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» የሚል ጥያቄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚቀርብለትን ሰው የፍርድ ችሎታ የለውም ማለት ድፍረት ነው። እንዲያውም ይህ ጥያቄ ለብዙዎቹ የፊልም ጸሐፊዎቻችን ቢቀርብ ስንቱ «ሰምቼ ነው» ባለ ነበር!

የተቃራኒው ወገን አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለው፤ አልሸሸውም። የውጭ ፊልም ብዛት ያገር ውስጡን ያዳክማል ይላል። በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ያሰሙትን ተቃውሞ እናስታውሳለን። ስለ እንጀራቸው መስጋታቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ስለ እንጀራ የሚነሳ ጥያቄ የሚቀርበው ለነጋዴውና ለመንግሥት ነው። ተመልካቹን «ጣዕም የለሽ» ብሎ መስደብ አንድም ያገር ፊልም አላሠራም። ሲኒማ ወደዚህ አገር ሲገባ በአዲስ አበባ ከቀደሙት ማሳያዎች አንዱ «ሰይጣን ቤት» ተብሎ እንደነበር ይታወቃል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ስድቡ ብቻ ነው ልብስ የለወጠው፤ ያኔ ተመልካቹ ኃጢአተኛ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ አላዋቂ ነው።

እውነተኛው በደል ግን ከስድቡም የባሰ ነው። የአፋር ምድር በዓለም ፊልም ውስጥ አለ፤ ሰው ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሉክ ቤሶን «ሉሲ» የተባለ ፊልም ሠራ። ጀግናዋ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል አግኝታ ዘመንን ወደ ኋላ ትጓዝና ስሟን ከምትጋራት ጥንታዊት ሉሲ ጋር ጣት ለጣት ትነካካለች። ያቺ ሉሲ የእኛዋ ድንቅነሽ ናት፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም በዚያው በአዋሽ ሸለቆ፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሚጌል ያንሶ «ክራምብስ» የተባለው ከዓለም ፍጻሜ በኋላ የሚሆን ታሪክ ደግሞ ካሜራውን እስከ ዳሎል ወስዷል። አፈሩም አጥንቱም ለፊልም በቅቷል። በሐዳር አጠገብ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ስለ ልዕለ ኃያሏ ሉሲ ምን እንደሚል ግን ጠይቆ የጻፈ ሰው አላየሁም። መልክዓ ምድሩን ለሥዕል የምንፈልገው፣ ነዋሪውን ለአስተያየት የማንፈልገው እስከ መቼ ነው?

የቋንቋውም ነገር አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛን ለፌዴራል የሥራ ቋንቋነት ከታጩት አንዱ አድርጎታል። መልካም ነው። ሆኖም የአፋር ልጅ ካባ ለባሹን ጀግና አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ማይክሮፎን ይዞ መተርጎም ከተቻለ ወደ አፋርኛ የማይቻልበት ምክንያት የለም፤ ሥራው አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒዩተርና ቋንቋውን የሚያውቅ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው የሚጠይቀው። የራስን ጀግና መፍጠርም ሕልም አይደለም። በሰራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሐፍ አድርጎ አውጥቷል። ከአዋሽ ሸለቆ የሚነሳው ጀግና በሙቀት የሚደክም ሳይሆን ሙቀትን የሚያውቅ ይሆናል፤ ባለጋራውም ምናልባት በረዶ የሚያመጣ ሳይሆን ወንዙን የሚያደርቅ።

ለሃያስያን ወዳጆቼ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ስለ ተመልካች ከመጻፋችሁ በፊት ተመልካቹ ጎን ተቀመጡ። የውጭውን ፍርድ ስትጠቅሱም ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለይታችሁ ጻፉ። ፊልሙ መጥፎ ከሆነ መጥፎ በሉት፤ በፊልሙ የሳቀውን ሰው ግን በምን እንደሳቀ ሳትጠይቁ አትፍረዱበት። የአዋሽና የሰመራ ሰው አስተያየት ጎድሎት አያውቅም። የጎደለው ብዕር ይዞ አጠገቡ የሚቀመጥ ጸሐፊ ነው።