መስማትና መወሰን፦ የሰው ሀብት ባለሙያ የአገልጋይነት መለኪያ

የሰው ሀብት አስተዳደር በሁለት ወገኖች መካከል የሚቆም ሙያ ነው። ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ደጅ የሚጠናው ግን ሠራተኛው ነው። ለዚህ ሙያ የሚዘጋጁ ተማሪዎች ምልመላን፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናን፣ የደመወዝ አወሳሰንንና የሠራተኛ ሕግን ይማራሉ። ተግባቦት በአንጻሩ ከዋናው ዕውቀት ጎን የሚቀመጥ ተጨማሪ ክሂል ተደርጎ ይታያል፤ አገልጋይ መሪነትም አብዛኛውን ጊዜ ከመልካም ጠባይ ጋር ይምታታል። ሁለቱም አመለካከቶች ሊታረሙ ይገባል። በሰው ሀብት ሙያ ተግባቦት የሚለካው ከሠራተኛ የተሰማው ነገር ወደ ውሳኔ በመድረሱ፣ ውሳኔውም ከነምክንያቱ ወደ ሠራተኛው በመመለሱ ነው። ይህ ከሌለ ማገልገል የሚባለው ነገር ትሕትና የተላበሰ ዝምታ ብቻ ይሆናል።

የሐሳቡ መነሻ

አገልጋይ መሪነትን ለዘመናዊው የሥራ አመራር ጽሑፍ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሮበርት ግሪንሊፍ ሐሳቡን ያገኘው በሥራ ዓለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 የኤቲ ኤንድ ቲ የስልክ ድርጅት አካል በሆነ ኩባንያ ተቀጥሮ ከታች ጀመረ፤ እስከ 1964 ድረስ 38 ዓመታት በዚያው ድርጅት ሲያገለግል በመጨረሻ የሥራ አመራር ጥናት ክፍሉን ይመራ ነበር። ጽንሰ ሐሳቡን የያዘው አጭር ጽሑፉ የወጣው ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1970 ነው። በዚያ ጽሑፍ የቀረበው መለኪያ የመሪውን ጠባይ ትቶ የተገልጋዩን ሁኔታ ይመረምራል፦ የተገለገሉት ሰዎች በስለዋል? ራሳቸውን ችለዋል? በተራቸው ሌላውን ለማገልገል ተዘጋጅተዋል? ከሁሉ በታች ያለውስ ተጠቅሟል ወይስ ተጎድቷል? በዚህ መለኪያ መሠረት አንድ ኃላፊ ራሱን ትሑት ብሎ መግለጹ ወይም የቅርብ ባልደረቦቹ ስለ እርሱ መመስከራቸው በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ማድመጥ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት

በዚያው የስልክ ድርጅት ሥር የነበረው ዌስተርን ኤሌክትሪክ በቺካጎ አቅራቢያ ባለው የሆውቶርን ፋብሪካው ያካሄደው ጥናት ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። ጥናቱ በ1924 የመብራት መጠን በምርት ላይ ያለውን ተጽዕኖ በመፈተሽ ተጀመረ። ከ1928 እስከ 1930 ደግሞ ከ20,000 በላይ ሠራተኞች ቃለ መጠይቅ ተደረገላቸው። ጠያቂዎቹ በመጀመሪያ የተዘጋጀ የጥያቄ ዝርዝር ይዘው ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን ከዝርዝሩ እየወጡ የየራሳቸውን ጉዳይ ማንሳት ስላበዙ ዘዴው ተለወጠ፤ ሠራተኛው የፈለገውን ይናገር፣ ጠያቂው ያድምጥ ተባለ። በመናገራቸው ብቻ ቅልል ያላቸው ብዙዎች ነበሩ።

የጥናቱ ትምህርት በዚህ አያበቃም። በ1936 በፋብሪካው የተጀመረው የምክር አገልግሎት አማካሪዎች የሰሙትን ምስጢር አድርገው እንዲይዙና በሠራተኛውና በአለቃው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ ይጠበቅ ነበር። ምስጢር መጠበቁ ተገቢ ነበር። ሆኖም የብሶቱ ምንጭ የሥራው አደረጃጀት ወይም የአለቃው አሠራር ሲሆን ሠራተኛው ቀልሎት ይወጣል፤ ምንጩ ግን እንዳለ ይቀራል። ተቺዎች ሠራተኛውን ከችግሩ ጋር የማላመድ ዘዴ ነው ያሉትም በዚህ ምክንያት ነበር። ዛሬም የሐሳብ መስጫ ሣጥን፣ የእርካታ መጠይቅ ወይም የሥራ መልቀቂያ ቃለ መጠይቅ መልስ የማይገኝበት ሲሆን ያው ጉድለት ይደገማል። ሰሚ ያገኘ ግን መልስ ያጣ ሠራተኛ በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም።

ሕጉ የሚያሳየው ወለል

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሥራ ውል መቋረጥ በደነገገበት ክፍል ውስጥ በርካታ የተግባቦት ግዴታዎች ይገኛሉ። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሆን፣ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽ፣ ለሠራተኛውም በእጁ መሰጠት አለበት። በማስታወቂያ ሰሌዳ ለ10 ተከታታይ ቀናት መለጠፍ የተፈቀደው ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ ነው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ እንደ አገልግሎት ዘመኑ ከ1 እስከ 3 ወር ይደርሳል። የሠራተኛ ቅነሳ ሲኖርም ማን እንደሚቆይ ለመለየት ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር ይጠበቃል።

እነዚህ ድንጋጌዎች ከዚህ በታች መውረድ የማይቻልበትን ወለል ያስቀምጣሉ። ከወለሉ በላይ ያለው የባለሙያው ድርሻ ነው። አንድ ባለሙያ የስንብት ደብዳቤውን ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመዝገብ ቤት በኩል ያስፈርማል እንበል። ሌላው ሠራተኛውን ጠርቶ ምክንያቱን ያስረዳዋል፤ ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ፣ የሚገባው ከሆነም የስንብት ክፍያ እንዴት እንደተሰላ ያሳየዋል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውን ያዘጋጅለታል፤ ውሳኔውን ካልተቀበለ አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ ይነግረዋል። ደብዳቤው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ሕግ አልጣሱም። በሥራ ላይ የቀሩት ሠራተኞች ግን ሁለቱን አይተው ነገ ችግራቸውን ይዘው ወደ ማን እንደሚሄዱ ይወስናሉ።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

የሰው ሀብት ባለሙያ የአሠሪው ወኪል ስለሆነ ሠራተኛውን አገለግላለሁ ማለቱ ማታለል ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ባለሙያው የሠራተኛው ጠበቃ አይደለም፤ የሠራተኛ ማኅበርንም ቦታ ሊወስድ አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያው አገልግሎቱ በራሱ ሚና ላይ ግልጽ መሆን ነው፤ የትኛውን ነገር በምስጢር ሊይዝ እንደሚችል፣ የትኛውን ለአመራሩ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ሠራተኛው ከመናገሩ በፊት ማወቅ ይኖርበታል። ደግሞም አገልጋይነት ከታዛዥነት ይለያል። የአለቃን ፊት እያዩ ደስ የሚለውን ብቻ ማቅረብ ለተቋሙም አይጠቅምም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው ስለ ተቋሙ የሚነገረውን በመጨረሻ የሚሰማው አመራሩ ነው።

የማይመች እውነት ወደ ላይ የሚያደርስ ባለሙያ ዕድገቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ይህን ዋጋ መደበቅ አይገባም። በሌላ በኩል ሠራተኛ የሚያምነው ባለሙያ አለመግባባቱ ሳይካረር ያውቀዋል፤ የማይታመነው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው መጥሪያ ሲደርሰው ነው። ለአመራሩ የሚጠቅም መረጃ በጊዜው ማቅረብ የሚችለው የመጀመሪያው ነው። አመኔታ ከሹመት ደብዳቤ ጋር አይሰጥም፤ በእያንዳንዱ ምላሽ ይከማቻል፤ በሙያው ረጅም ዕድገትም ዋናው ስንቅ እርሱ ነው።

ለሙያውና ለጥናቱ

ከዚህ ተነሥቶ ሦስት አሠራሮችን ማስለመድ ይቻላል። አንደኛ፣ ለቀረበ ቅሬታ ሁሉ መልስ የሚሰጥበትን ቀን አስቀድሞ መናገርና መልሱ እምቢታ ቢሆን እንኳ በዚያው ቀን ከነምክንያቱ መስጠት። ሁለተኛ፣ የሰውን ኑሮ የሚነካ ውሳኔን ከሰሌዳ በፊት ፊት ለፊት መንገር። ሦስተኛ፣ የተደጋገሙ ቅሬታዎችን ያለ ስም አጠናቅሮ በማኔጅመንት ስብሰባ ቋሚ አጀንዳ ማድረግ።

በመስኩ የሚካሄድ የድኅረ ምረቃ ጥናትም መሪዎች ራሳቸውን ከሚገመግሙበት መጠይቅ ባሻገር ቢመለከት ይጠቅማል። አንድ ቅሬታ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በስንት ጠረጴዛ አለፈ? የት ቆመ? መልሱ ለባለቤቱ ደረሰ? ይህ ከመዝገብና ከቃለ መጠይቅ ሊጠና ይችላል። ናሙናው የቢሮ ሠራተኞችን ብቻ ይዞ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችን፣ በተለይም በሌላ ድርጅት በኩል የተቀጠሩትን ከተወ ግን የአገልጋይ መሪነት ዋና መለኪያ ሳይፈተሽ ይቀራል።