የየቲሙ ድርሻ ከመንገደኛው ስንቅ ይለይ

ረመዳን የቸርነት ወር ነው። ብዙው ቤተሰብ ዘካውን የሚያሰላው፣ ሰደቃውን የሚያበዛው፣ ኢፍጣሩን ለጎረቤት የሚያካፍለው በዚህ በተከበረ ወር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንድ ሌላ ጥሪ በየቤታችን እየገባ ይገኛል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ሙስሊም ወጣቶች በትምህርት ዕረፍታቸው ወደ ሌላ አገር ተጉዘው ችግረኛ ሕጻናትን ለመርዳት ገንዘብ ያሰባስባሉ። አንዳንዱ የሶርያ ስደተኞች ወዳሉበት ዮርዳኖስ፣ አንዳንዱ የሮሂንጊያ ሕጻናት ወደተጠለሉበት ባንግላዲሽ መሄድ ይሻል። ከእኛው አብራክ የወጡት ደግሞ የወላጆቻቸው አገር ኢትዮጵያ ትናፍቃቸዋለች። መልእክቱ በእጅ ስልካችን ሲደርስ ጠያቂው ብዙ ጊዜ የእህት ወይም የአጎት ልጅ ነውና እምቢ ማለት ይከብዳል።

የወጣቶቹን ኒያ እናደንቃለን። አንድ ወጣት የዕረፍት ጊዜውን ለየቲም ልስጥ ማለቱ የመልካም አስተዳደግ ፍሬ ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም ሆነው ነው ያደጉት። ይሁንና ኒያው ስላማረ ገንዘቡ አይጠየቅም ማለት አይደለም። ሱረቱ ኒሳእ በመጀመሪያዎቹ አንቀጾቹ የየቲምን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ መብላትን አጥብቆ ይከለክላል። 6ኛው አንቀጽ የየቲሙ ኃላፊ ሀብታም ከሆነ ከገንዘቡ እንዲታቀብ፣ ድሃ ከሆነም በአግባቡ ብቻ እንዲጠቀም፣ ሲያስረክብም ምስክር እንዲያቆም ያዝዛል። ትእዛዙ የሚናገረው የቲሙ ራሱ ስላለው ንብረት ነው። እኛ ግን በየቲም ስም የተሰበሰበ ገንዘብም ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም እንላለን።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ዐሥር ወጣቶች ለመጓዝ ተነሡ እንበል። ለአንዱ ትኬት፣ ማደሪያና ምግብ 1 ሺህ 500 ዶላር ቢያስፈልግ የዐሥሩ ወጪ 15 ሺህ ዶላር ይሆናል። “ለሕጻናቱ” ተብሎ 20 ሺህ ዶላር ቢሰበሰብ፣ ሕጻናቱ ዘንድ የሚደርሰው 5 ሺህ ብቻ ነው። ሰጪው ይህን አውቆ ከሰጠ መብቱ ነው። ሳያውቅ ከሰጠ ግን አማናው ተጓድሏል። የሕጻን ፎቶግራፍ ለጥፎ የትኬት ገንዘብ መሰብሰብ፣ ማንም ለክፋት ባያስበውም፣ መጨረሻው ይኸው ነው።

ዘካ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ይጠብቃል። ከጥሬ ገንዘብና ከንግድ ዕቃ 2.5 በመቶ ተሰልቶ የሚወጣው ዘካ የተቀባዮቹ ሐቅ ነው። ሱረቱ ተውባህ በ60ኛው አንቀጽ ተቀባዮቹን በስምንት ክፍል ዘርዝሯል። ከስምንቱ አንዱ “መንገደኛ” ነውና የአውሮፕላን ትኬትም በዚያ ይሸፈናል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ዑለሞች በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ መንገደኛው ለጉዞው የሚሆን ገንዘብ ያጣ ችግረኛ መሆን እንዳለበት ያስተምራሉ። ደመወዝ ያለው ወይም ወላጁ ሊከፍልለት የሚችል ወጣት ከዚህ ክፍል ነኝ ከማለቱ በፊት የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ጉዞውን መደገፍ የምንሻ ደግሞ ከሰደቃችን ወይም ከስጦታችን እንስጥ፤ ዘካችንን ግን ለባለቤቶቹ እናድርስ።

ጉዞው ራሱስ ለሕጻኑ ምን ይጠቅመዋል? በዩኒሴፍ ድጋፍ በካምቦዲያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በማሳደጊያ ተቋማት ከነበሩት ሕጻናት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው አሳይቷል። ጎብኚና ለጋሽ በሚበዛበት ቦታ ማሳደጊያ መክፈት ገበያ ይሆናል፤ ድሃ ወላጅም ልጁን “ይማርልኝ” ብሎ አሳልፎ ይሰጣል። ሕጻኑ ለሁለት ሳምንት ያቀፈውንና ያጫወተውን እንግዳ ይለምዳል፤ እንግዳው ይሄዳል፤ በወሩ ሌላ ይመጣል፤ እሱም ይሄዳል። ወላጁን ያጣ ወይም የተለየ ልጅ ደጋግሞ መለየትን ይማራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳለፈው የሕጻናት መብት ውሳኔ፣ አገሮች በማሳደጊያዎች ከሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉዞ የሚመጣውን ጉዳት እንዲከላከሉ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት ማንም አይሂድ ማለት አይደለም። የቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ ነርስ፣ የምልክት ቋንቋ መምህር የአገሬው ባለሙያ ጠይቆት ቢሄድና እውቀቱን አካፍሎ ቢመለስ ትኬቱ ተገቢ ወጪ ነው። ግድግዳ ለመቀባት ግን ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም፤ ቀለም ቀቢ እዚያው አለ፣ ሥራም ይፈልጋል። ሙያው ያልደረሰለት ወጣት የትኬቱን ዋጋ ቢልክ ሕጻኑ የበለጠ ይጠቀማል።

ለዚህም ከእኛው ዘንድ የቆየ መንገድ አለ። የቲሙ በአያቱ፣ በአክስቱ ወይም በአጎቱ ቤት እንዳለ ወር በወር ቀለቡንና የትምህርት ወጪውን መሸፈን ከፋለቱል የቲም ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕጻናት መብቶች ኮንቬንሽንም በ20ኛ አንቀጹ የእስልምናን ከፋላ በስም ጠቅሶ ከቤተሰቡ ለተለየ ሕጻን ከሚሰጡ የእንክብካቤ ዓይነቶች አንዱ አድርጎታል። ይህ ድጋፍ የሚያምር ፎቶግራፍ ላያወጣ ይችላል። ሱረቱል በቀራም በ271ኛው አንቀጽ ለድሆች በስውር የሚሰጥን ምጽዋት ማወደሱን እናስታውስ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እህቶችና ወንድሞች ያሏችሁ ቤተሰቦች አንድ ነገር አደራ እንላለን። በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፈቃድ የሌለው ሰው ከሕዝብ መዋጮ ቢሰበስብ በሕግ ያስቀጣል፤ በስልክ መልእክት የተደረገም ቢሆን። በበጎ ሐሳብ የተጀመረ መዋጮ ሰውን ለእስር እንዳይዳርግ ከወዲሁ ንገሯቸው።

በዚህ ረመዳን የጉዞ መዋጮ ጥሪ ሲደርሰን ቤተሰቦች ሦስት ነገር እንጠይቅ። ከገንዘቡ ምን ያህሉ ለተጓዡ፣ ምን ያህሉ ለሕጻኑ ነው? ሂሳቡን ከተጓዦቹ ውጭ ማን ይመሰክራል? ተጓዡ ሲመለስ ከሕጻኑ ጋር የሚቀረው ማን ነው? ጠያቂው የእህታችን ልጅ ቢሆንም እንኳ እንጠይቀው፤ መጠየቃችን መጠርጠር አይደለም። ምስክር ማቆም የታዘዘው ለተቀባዩም ለሰጪውም ሲባል ነው። ወጣቶቻችንም ከጅምሩ ሁለት ሣጥን ያዘጋጁ፤ አንዱ ለትኬት፣ አንዱ ለሕጻናቱ ይሁን። የትኬቱን ሣጥን ራሳቸው ሠርተው ቢሞሉት ደግሞ ለየቲሙ የሰጡት ጊዜ በእርግጥ የእነሱ ስጦታ ይሆናል።

አላህ ጾማችሁንና ሰደቃችሁን ይቀበል!